የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትርን ለመጎብኘት፦ የሕንጻው ታሪክ፣ በቦታው የሚታየውና የጎብኚው ዝግጅት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር በአዲስ አበባ እምብርት፣ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚወጣው የቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ይገኛል። ስሙ ከሕንጻው አልፎ የአካባቢው መጠሪያ ሆኗል፤ የታክሲ ረዳት «ብሔራዊ! ብሔራዊ!» እያለ ሲጣራ ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ የሚሄዱት ወደ ባንክ፣ ወደ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ሌላ ታክሲ መያዣ ነው። በደጁ ያለው የድንጋይ አንበሳም ለበርካታ ትውልዶች የመቀጣጠሪያ ምልክት ሆኖ አገልግሏል። በዚህ ምክንያት ሕንጻውን በዓይኑ የሚያውቀው ሰው እጅግ ብዙ ሲሆን፣ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደተሠራና ውስጡ እንዴት እንደሚታይ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ቴአትሩን ለመጎብኘት ለሚፈልጉ ነዋሪዎች፣ ከክልል ለሚመጡ እንግዶች፣ ለተማሪዎችና ከውጭ አገር ለሚመለሱ ወገኖች መረጃ ለመስጠት ተዘጋጅቷል።

ጎብኚው አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባው ነገር ተቋሙ ሙዚየም አለመሆኑን ነው። ብሔራዊ ቴአትር ዛሬም የመድረክ ሥራ የሚካሄድበት፣ ተዋንያን የሚለማመዱበት፣ የሙዚቃና የውዝዋዜ ባለሙያዎች በመደበኛነት የሚሠሩበት ቤት ነው። ስለሆነም አዳራሹን ለማየት የሚያስችሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ቲኬት ገዝቶ ዝግጅት መታደም ወይም አስቀድሞ ከአስተዳደሩ ፈቃድ መጠየቅ። ያለ ሁለቱ በሩ ድረስ ሄዶ መመለስ የተለመደ ነው፤ በተለይ ከሩቅ ለመጣ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ለሲኒማ የተጀመረ ሕንጻ

የሕንጻው ግንባታ የተጀመረው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ኃይል ለሲኒማ ቤትነት አስቦት የነበረ ሲሆን፣ መጠሪያው ሲኒማ ማርኮኒ እንዲሆን ታቅዶ ነበር፤ ስሙ የተወሰደው በሬዲዮ ፈጠራ ከሚታወቀው ጣልያናዊ ከጉልዬልሞ ማርኮኒ ነው። በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ሥራው አላለቀም ነበር።

ጅምሩ ወደ ቴአትር ቤትነት የተለወጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት በተቃረበ ጊዜ ነው። የንግሡ ሥርዓት የተፈጸመው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ስለነበር የብር ኢዮቤልዩው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ተከበረ፤ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የታወጀውም በዚያው ሰሞን ነው። ለበዓሉ ከተዘጋጁት ሥራዎች መካከል አንዱ የሆነው ይህ ቴአትር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው።

ሥራውን የመራው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ነበር። ሾሜት በዚያን ጊዜ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ሥራው በኋላ በምዕራብ አፍሪካ ከተሞች፣ በተለይም በአቢጃንና በኮቶኑ፣ ታላላቅ የመንግሥት ሕንጻዎችን በመንደፍ ስሙ ገኗል። በአዲስ አበባም ከቴአትሩ ብዙም ሳይርቅ የሚታየው ክቡ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንጻ የእርሱ ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው ያው አርክቴክት በአሥር ዓመት ልዩነት ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጠ ሊያስተውል ይችላል፤ ቴአትሩ በቀጥታ መስመር የቆመ ሲሆን ባንኩ ክብ ነው።

አርክቴክቱን የገጠመው ችግር ቀላል አልነበረም። ሲኒማ ቤትና ቴአትር ቤት ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ውስጣዊ ፍላጎታቸው የተለያየ ነው። ለፊልም የሚያስፈልገው ጨለማ አዳራሽ፣ በስተፊት የተዘረጋ ሸራና በስተኋላ የፕሮጀክተር ክፍል ነው፤ ከሸራው ጀርባ ያለው ቦታ ጥቅም የለውም። በቴአትር ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው ተመልካች በማያየው ስፍራ ነው። መድረኩ ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፤ በግራና በቀኝ ተዋንያን ተራቸውን የሚጠብቁበትና የመድረክ ቁሳቁስ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ከላይ መጋረጃና መብራት የሚሰቀልበት ከፍታ፣ ከኋላ የልብስ መቀየሪያና የመዋቢያ ክፍሎች፣ የመለማመጃ አዳራሽና የዕቃ ግምጃ ቤት የግድ ናቸው። ለአንድ ዓላማ በተጀመረ ግድግዳ ውስጥ ይህን ሁሉ ማካተት አዲስ ሕንጻ ከመሥራት የሚያንስ ድካም አይደለም። ጎብኚ ከፊት ለፊት ብቻ ከማየት ይልቅ ሕንጻውን በጎኑ ዞሮ ቢመለከት ከመግቢያው ጀርባ ያለውን የአዳራሹንና የመድረኩን ግዙፍ አካል ያያል፤ የሕንጻው ትልቁ ክፍል ለመንገደኛው የማይታየው ነው።

የፊት ገጽታው ግርማ የሚመነጨው ከግዙፍነቱና ከመስመሮቹ ቅንነት ነው። በቅርጻ ቅርጽ የተሞሉ አምዶችና ጉልላት ከነበራቸው የአውሮፓ የጥንት ኦፔራ ቤቶች ጋር የሚያመሳስለው ጥቂት ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ከነበሯት ቤቶች ብዙዎቹ ዝቅተኛና ጣሪያቸው ቆርቆሮ እንደነበረ ሲታሰብ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ አዳራሽ ያለው እንዲህ ያለ ሕንጻ በከተማዋ መሐል መቆሙ ምን ስሜት ያሳድር እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ዛሬ በአቅራቢያው በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 209 ሜትር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። ቴአትሩ ከዚህ ሕንጻ አንጻር ዝቅ ብሎ ይታይ እንጂ ስፋቱን ለመገንዘብ ራቅ ብሎ ከአንበሳው ጀርባ መመልከት ይበቃል።

የሞሪስ ካልካ አንበሳ

ከቴአትሩ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የሕንጻው ተጨማሪ ጌጥ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከሕንጻው ጋር በአንድ ዘመንና ለአንድ በዓል የቆመ ሥራ ነው። ቀራፂው ሞሪስ ካልካ በፖላንድ ተወልዶ በፈረንሳይ ያደገ፣ በ1950 እ.ኤ.አ. «ፕሪ ደ ሮም» የተባለውን ታላቅ የጥበብ ሽልማት ያሸነፈ ባለሙያ ነበር። ሾሜት በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሥነ ጥበብ ባለሙያዎችን በሕንጻዎቹ ውስጥ ማሳተፍን እንደ ደንብ ይዞ የኖረ አርክቴክት ሲሆን፣ ይህ አንበሳ ከዚያ ልማድ ቀደምት ፍሬዎች አንዱ ነው። የሚገርመው፣ ካልካ በኋላ በዓለም ዙሪያ ስሙ የተነሣው በ1969 እ.ኤ.አ. በነደፈው «ቡሜራንግ» በተባለ የቢሮ ጠረጴዛ ነው፤ የጠረጴዛው አድናቂዎች የአዲስ አበባውን አንበሳ ላያውቁት ይችላሉ።

ሐውልቱ ከድንጋይ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 10 ሜትር ያህል ይደርሳል። ቀራፂው የእንስሳውን ፀጉርና ጡንቻ እንዳለ ለመቅዳት አልሞከረም፤ አንበሳው ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ዓምድ እስኪመስል ድረስ ቅርጹ ወደ መስመርና ወደ ገጽ ተቀንሷል። ከሕንጻው ጋር የሚስማማውም በዚህ ምክንያት ነው። የአንበሳው ቁመት ከሕንጻው ቀጥታ መስመር ጋር ሲነጻጸር አንዱ የሌላውን ቃል የሚደግም ይመስላል።

ብዙ ጎብኚዎች ይህን ሐውልት በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው የይሁዳ አንበሳ ጋር ያምታቱታል። የለገሃሩ አንበሳ የሌላ ፈረንሳዊ ቀራፂ፣ የጆርጅ ጋርዴ ሥራ ሲሆን፣ በ1923ቱ የንግሥ በዓል ዋዜማ የቆመ ነው። ከነሐስ ተሠርቶ በወርቅ ቀለም የተለበጠ፣ ዘውድ የደፋና በአራት እግሩ የቆመ አንበሳ ነው። በወረራው ዘመን ተዘርፎ ወደ ሮም ተወስዶ የነበረ ሲሆን ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። በመንገድ የሚጠይቅ ሰው «የአንበሳው ሐውልት ጋ» ቢባል የትኛው እንደሆነ ማጣራት ይኖርበታል፤ በቅርብ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት አንበሶች እንግዳን ሲያሳስቱ ቆይተዋል። የአውቶቡሱ ድርጅት አርማ የሆነው አንበሳና «ጥቁር አንበሳ» የሚባለው ሆስፒታል ሲታከሉበት ግራ መጋባቱ አያስደንቅም።

ሐውልቱ ላይ መውጣት፣ ስም መጻፍም ሆነ ማስታወቂያ መለጠፍ ፈጽሞ አይገባም። ድንጋዩ ከተቧጨረ ወይም ቀለም ከጠጣ የሚጸዳው በልዩ ባለሙያ ብቻ ነው፤ በሳሙናና በብሩሽ የሚደረግ ሙከራ ጉዳቱን ያብሰዋል።

መድረኩን ያቆሙ ሰዎች

የዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር ታሪክ ከዚህ ሕንጻ ይቀድማል። በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተደረሰው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የታየው በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር፤ የሀገር ፍቅር ማኅበርም በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ የቴአትርና የሙዚቃ ሥራ ሲያቀርብ ቆይቷል። የ1948ቱ ልዩ ትርጉም ለመድረክ ሥራ ተብሎ የተሰናዳ፣ የራሱ ባለሙያዎችና ኦርኬስትራ ያለው ታላቅ ቤት መከፈቱ ነው።

በምረቃው ጊዜ የቀረበው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር ሲሆን፣ የሙዚቃውን ክፍል ለረጅም ዓመታት በማሳደግ ስሙ የሚነሣው ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። ነርሲስ በኢትዮጵያ የኖረ የአርመን ተወላጅ ሙዚቀኛ ሲሆን፣ አጎቱ ኬቮርክ ናልባንዲያን የአርባ ልጆችን የሙዚቃ ጓድ የመራና የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነበር። የአማርኛን ዜማ ከምዕራባውያን የሙዚቃ መሣሪያዎች ጋር ማስማማት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው የነርሲስን ድርሻ አቅልሎ አያይም።

በኋላ ዘመን የቤቱን መልክ ከቀረጹት መካከል ጸጋዬ ገብረ መድኅን በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ጸጋዬ በለንደን የመድረክ ጥበብን ካጠና በኋላ ቴአትሩን የመራ ሲሆን፣ የሼክስፒርን «ኦቴሎ»ና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ መልሷል። በአብዮቱ መባቻ የቀረበው «ሀሁ በስድስት ወር» ደግሞ በአገሪቱ የቴአትር ታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ አለው። ተስፋዬ ገሠሠ፣ ወጋየሁ ንጋቱ፣ ደበበ እሸቱና ክራርና ትወናን ያጣመረችው አስናቀች ወርቁ ከዚህ መድረክ ጋር ተያይዘው ከሚነሡት ስሞች ጥቂቶቹ ናቸው። ወጋየሁን አብዛኛው ሕዝብ የሚያውቀው በሬዲዮ በተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢሆንም፣ ያ ድምፅ የተሞረደው በመድረክ ላይ ነው።

ዝግጅት ለመታደም

ሕንጻውን ለማየት ከሁሉ የሚመረጠው መንገድ ቲኬት ገዝቶ መግባት ነው። አዳራሽ ባዶውን ሲታይ መቀመጫና ግድግዳ ብቻ ነው፤ ድምፁ እንዴት እንደሚጓዝ፣ ከባልኮኒው መድረኩ እንዴት እንደሚታይ፣ መብራቱ ሲጠፋ ቤቱ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ተመልካች በሞላበት ሰዓት ነው። ከዚህም በላይ የቲኬት ገቢ ቤቱ በሥራ ላይ እንዲቆይ ያግዛል፤ ሥራ ያቆመ ቴአትር ቤት ግንቡ ቢቆምም ከመጋዘን የማይለይበት ጊዜ ሩቅ አይሆንም።

በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች የቆየው ልማድ አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ብቻ እየታየ ለወራት እንዲቆይ ነው። ይህም ማለት ረቡዕ የሚታየው ቴአትር ሐሙስ አይገኝም፤ በቦታው ሌላ ተውኔት ወይም የሙዚቃ ዝግጅት ይኖራል፣ አለዚያም መድረኩ ለልምምድ ይያዛል። አንድን የተለየ ቴአትር ለማየት ከጅማ፣ ከደሴ ወይም ከሐዋሳ የሚመጣ ሰው የጉዞ ቀኑን ከመወሰኑ በፊት የዝግጅቱን ቀን ማረጋገጥ አለበት። መረጃው በቴአትሩ ደጅ በሚሰቀለው ማስታወቂያና በቲኬት መሸጫው ይገኛል። በአዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው አንድ ቀን በዚያ የሚያልፍ የቤተሰብ አባል ማስታወቂያውን እንዲያነብለት ቢጠይቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

የሰዓት አቆጣጠርም የሚዘነጋ ጉዳይ አይደለም። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሰዓት የአገራችን አቆጣጠር ነው። «11:30» ከተባለ ዝግጅቱ የሚጀምረው በውጭው አቆጣጠር 17:30 ላይ ነው። ከውጭ አገር የሚመጡ ቤተ ዘመዶችን ወይም እንግዶችን የጋበዘ ሰው ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ቢነግራቸው ይመረጣል።

የመግቢያ ዋጋ እንደ ዝግጅቱ ዓይነትና እንደ መቀመጫው ስለሚለያይ በመሸጫው መስኮት የተለጠፈውን ማየት ይገባል። ቲኬት ከመስኮቱ ውጪ ከማንኛውም ሰው መግዛት አይመከርም፤ በተለይ በበዓላት ሰሞን ሰልፍ ሲረዝም «ቲኬት አለኝ» የሚሉ ሰዎች ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ሐሰተኛ ወይም ጊዜው ያለፈበት ቲኬት ይዞ በር ላይ የተገኘ ተመልካች ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ የለውም። ከመጀመሪያው ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ሁለት ጥቅም አለው፤ የመግቢያ ፍተሻው ጊዜ ይወስዳል፣ የሕንጻውን ፊትና አንበሳውን በብርሃን ለማየትም ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ከቴአትሩ በኋላ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ምሽት ነው።

ተውኔቶቹ የሚቀርቡት በአብዛኛው በአማርኛ ሲሆን የትርጉም ጽሑፍ አይኖራቸውም። አማርኛ የማይሰማ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው የባህል ሙዚቃና የውዝዋዜ ዝግጅት የሚቀርብበትን ቀን ቢመርጥ እንግዳው የበለጠ ይደሰታል። ልጆችን ይዞ ለመግባት ለሚፈልግ ወላጅም ይዘቱ ለዕድሜያቸው የሚስማማ መሆኑን ቲኬት ከመግዛቱ በፊት መጠየቅ አግባብ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ በጨለማ ውስጥ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ለሕፃን ከባድ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን

የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። ይሁን እንጂ ብሔራዊ ቴአትር አዋጁ ከመውጣቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠራ፣ ደረጃ የሚበዛበት ሕንጻ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በምርኩዝ የሚጠቀም ተመልካች፣ እንዲሁም ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው አረጋውያን፣ ቲኬት ሲገዙ የምድር ወለል መቀመጫ እንዲሰጣቸው ቢጠይቁ፣ ከተቻለም ከአንድ ቀን በፊት ለአስተዳደሩ ቢያሳውቁ ምቹው መግቢያ ይመቻችላቸዋል። ሕዝቡ ከመሙላቱ በፊት መግባት የተሻለ ነው። አንድን ተመልካች በእቅፍ ለማስገባት የሚደረግ የመጨረሻ ደቂቃ ጥረት ለሚታቀፈውም ሆነ ለሚያቅፈው አደገኛ ነው፤ ክብርንም ይነካል።

ያለ ዝግጅት ለመጎብኘት

የትምህርት ቤት ቡድኖች፣ የሥነ ሕንጻና የቴአትር ጥበባት ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና አስጎብኚዎች ዝግጅት በሌለበት ሰዓት ሕንጻውን ለማየት ሲፈልጉ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ለአስተዳደሩ ማመልከት ይጠበቅባቸዋል። ደብዳቤው በማኅተም የተረጋገጠ ሆኖ የጎብኚዎቹን ብዛት፣ የተፈለገውን ቀንና ሰዓት፣ የጉብኝቱን ዓላማና የኃላፊውን ስም ቢገልጽ ለውሳኔ ያመቻል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈና ቀን የሌለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩን ወደ ላኪው መሥሪያ ቤት ይመልሰዋል። መድረኩ ለልምምድ በተያዘበት ሰዓት ፈቃድ ላይሰጥ ስለሚችል ሁለት አማራጭ ቀናት ማቅረብ ይመረጣል። ተማሪዎች ወደ መድረኩ ጀርባ የሚገቡት ከተቋሙ ባለሙያ ጋር ብቻ ነው፤ በዚያ ያሉት ገመዶች፣ የመብራት መስመሮችና ከፍ ያሉ ማማዎች ለማያውቃቸው ሰው አደጋ አላቸው።

ፎቶግራፍ፣ ቀረጻና የአዳራሽ ሥነ ሥርዓት

ሕንጻውንና ሐውልቱን ከአደባባዩ ሆኖ ለግል ማስታወሻ ፎቶግራፍ ማንሣት የተለመደ ነው። ሆኖም አካባቢው ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚበዙበት በመሆኑ ካሜራው ወደ ጥበቃ ቦታዎች እንዳይዞር መጠንቀቅ፣ ጥበቃዎች ሲጠይቁም በትሕትና ማስረዳት ያስፈልጋል። ለማስታወቂያ፣ ለሙዚቃ ክሊፕ፣ ለፊልም ወይም ለሠርግ የሚደረግ ቀረጻ የተቋሙን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል።

በዝግጅት ጊዜ ፎቶ ማንሣትም ሆነ በስልክ መቅረጽ ክልክል ነው። ክልከላው ከአዳራሽ ሥነ ሥርዓት የሚያልፍ ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውንና የተዋንያኑን መብት ስለሚጠብቅ፣ የመድረክ ሥራን ያለ ፈቃድ ቀርጾ ማሰራጨት ተጠያቂነትን ያስከትላል። አንድ ቴአትር ለወራት ተመልካች የሚያገኘው በሌላ ቦታ ስለማይታይ ነው፤ በስልክ የተቀረጸ ግማሽ ሰዓት በማኅበራዊ መገናኛ ከተለቀቀ የተዋንያኑ እንጀራ ይነካል። ስልክን ማጥፋት ወይም ድምፁን መዝጋትም ተመልካች ለተመልካች የሚያደርገው ውለታ ነው፤ የስክሪን ብርሃን ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ከድምፁ ባልተናነሰ ይረብሻል።

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሕዝብ መሰብሰቢያ ሕንጻ ውስጥ፣ እንዲሁም ከበሩና ከሚከፈት መስኮቱ በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው። በዕረፍት ሰዓት በመግቢያው ደረጃ ላይ ቆሞ ማጨስም በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃል።

ለሕንጻው የሚደረግ ጥበቃ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የእንክብካቤና የጥገና ሥራ ሥልጣን የተሰጠውን አካል ቅድሚያ ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ይህ ኃላፊነት ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ከዚህ አንጻር የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ሕንጻዎች ፈተና የተለየ ነው፤ ከአክሱምና ከጎንደር ቅርሶች ጋር ሲነጻጸሩ «አሮጌ» እንጂ «ጥንታዊ» ስለማይባሉ፣ በር ሲለወጥ፣ ግድግዳ በአዲስ ቀለም ሲሸፈን ወይም የፊት ገጽታ በትልቅ ማስታወቂያ ሲጋረድ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አዲስ አበባ በፍጥነት በምትታደስበት በዚህ ወቅት ጉዳት ያየ ወይም የሐውልቱ ድንጋይ መሰንጠቁን ያስተዋለ ዜጋ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለቴአትሩ አስተዳደር ወይም ለቅርስ ባለሥልጣኑ ቢያሳውቅ ጠቃሚ ነው። ጥቆማው ቦታውን በግልጽ ሲያሳይና ቀን ሲኖረው ለመከታተል ያመቻል።

መድረሻና አካባቢውን በእግር ማየት

በቀላል ባቡር ለሚመጣ ጎብኚ ምቹው ጣቢያ ለገሃር ነው፤ ከዚያ ቸርችል ጎዳናን ይዞ በእግር መውጣት ይቻላል። በታክሲ ከሜክሲኮ፣ ከስታዲየም፣ ከፒያሳና ከመርካቶ አቅጣጫ «ብሔራዊ» የሚሉ መኪናዎች አሉ። በግል መኪና መምጣት በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ አይመከርም፤ የዝግጅቱ መጀመሪያና የመሥሪያ ቤት መውጫ ሰዓት ስለሚገጣጠሙ ማቆሚያ ማግኘት ያስቸግራል።

ግማሽ ቀን ያለው ሰው ጉብኝቱን ከለገሃር ቢጀምር መልካም ነው። በመጀመሪያ የጋርዴን የነሐስ አንበሳና የቀድሞውን ባቡር ጣቢያ አይቶ፣ ወደ ብሔራዊ ቴአትርና ወደ ካልካ አንበሳ ይደርሳል። ከዚያም በቸርችል ጎዳና ሲወጣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀውን የትግላችን ሐውልት ያገኛል፤ ሐውልቱ በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በጎዳናው አናት፣ ጣልያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ይታያል፤ የአፍሪካ አዳራሽም የዚሁ አርክቴክት ሥራ ነው። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ከላይ ወደ ታች መውረድን የሚመርጥ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ ለአመሻሹ ዝግጅት ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። በክረምት ወራት የከሰዓት ዝናብ ድንገተኛ በመሆኑ ጃንጥላ መያዝ አይከፋም።

በአገልግሎቱ ላይ ቅሬታ ያለው ተመልካች ቲኬቱን ሳይጥል በመያዝ በዕለቱ ለተረኛው ኃላፊ ማቅረብ፣ ካልተፈታለትም በጽሑፍ ለአስተዳደሩ ማመልከት ይችላል። በማመልከቻው ላይ የዝግጅቱ ስም፣ ቀኑና የመቀመጫው ቁጥር ቢጠቀስ ጉዳዩን ለማጣራት ይረዳል። በአዳራሹ ዕቃ የረሳ ሰውም የተቀመጠበትን ረድፍ አስታውሶ በማግሥቱ በሥራ ሰዓት ቢጠይቅ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል፤ አዳራሹ የሚጸዳው ለቀጣዩ ዝግጅት በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው።